ከዘር እስከ ዘር፤ ስለ ጓሮ ጎመን አስተዳደግና ስለ ዘር አያያዝ

የተማሪ ጥናት ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ታሪክ፥ ሕግ፥ ቋንቋ ወይም የሩቅ አውራጃ ሕዝብ ልማድ ነው። ከማእድ ቤት ጀርባ ያለች፥ ዐሥር ክንድ የማትሞላ መሬት ግን ለጥናት የምትበቃ መስላ አትታይም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ስለዚችው መሬት ነው። አትክልትን ከገበያ ገዝቶ መብላት አንድ ነገር ነው፤ ችግኝ ገዝቶ መትከል ሌላ ነው፤ ከዘር አንሥቶ አሳድጎ፥ በልቶ፥ የሚመጣውን ዓመት ዘር መልሶ በእጅ መያዝ ግን ከሁለቱም የተለየ ሥራ ነው። ደስታውም ትምህርቱም የሚበዛው በዚህ በሦስተኛው እንደ ሆነ እናምናለን፤ በከተማ ቤቶች ሊቀር የተቃረበውም ይኸው ሦስተኛው ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው በመጀመሪያ የሐበሻ ጎመንን ነው። ይህ ጎመን ዘር የምንለው ተክል፥ በሊቃውንት ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፥ በቤታችን ሁለት አገልግሎት አለው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል፤ ዘሩ ተወቅጦ የእንጀራ ምጣድ ይታሰስበታል። ስለዚህ ሌላ የአትክልት ዘር በማይገኝበት ቤት እንኳ የጎመን ዘር አይጠፋም። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት ጎመንን የድኻ ምግብ አድርጎ ያሳየዋል። በመስቀል ሰሞንም የጎመኑ ምንቸት ወጥቶ የገንፎው ምንቸት እንዲገባ መመኘት የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ነገሩን ገልብጠን ብናየው፥ ጎተራው በጎደለበት ክረምት ቤተ ሰቡን እስከ መስከረም ያደረሰው ያው የተሰናበተው ምንቸት ነው። ውለታው የተዘነጋ ይመስለናል።

የጎመን ዘር የትውልድ ነገርም የሚያስደንቅ ነው። ናጋሃሩ ኡ የተባለው የእስያ ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፥ ይህ ተክል ከሁለት የቀደሙ ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነው። አንደኛው 8 ጥንድ ክሮሞሶም ያለው ጥቁር ሰናፍጭ ነው፤ ሁለተኛው 9 ጥንድ ያለው የጥቅል ጎመን ወገን ነው። የሁለቱ ድምር 17 ጥንድ ሲሆን፥ የሐበሻ ጎመን የሚገኝበትም ቍጥር ይኸው ነው። እንግዲህ በጾም ማእድ ላይ ሰናፍጭና ጎመን ጎን ለጎን ሲቀርቡ ዘመዳሞች ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ወደ መዝራቱ እንለፍ። ዘር የሞተ ነገር አይደለም፤ የተኛ ሕያው ነው። በውስጡ ትንሽ ተክል ከነስንቁ ተጠቅልሎ አለ፤ ለመንቃትም ውኃ፥ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ በዐይኑ ማየት የሚወድ ሰው አስቀድሞ ፌጦ ይውሰድ። ፌጦ ለመድኀኒት በየቤቱ ስለሚቀመጥ ለማግኘት አያስቸግርም። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሲበተን ጥቂት ቈይቶ እያንዳንዱ ፍሬ በሚያሟልጭ ዝልግልግ ይሸፈናል። ይህ ዝልግልግ ውኃውን ይዞ የሚያቈይለት ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጩ ሥር ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ሳሕኑን በጎኑ አቁሞ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው፤ ሥሩ ወደ ታች፥ ግንዱ ወደ ላይ ታጥፎ ይገኛል። ማን እንዳስተማረው የሚጠይቅ ሕፃን በቤት ውስጥ ካለ፥ መልሱን ለማስረዳት የዕፅዋት ትምህርት መምህራን እንኳ ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋቸዋል።

ያው እርጥብ ጨርቅ የዘር መመርመሪያም ነው። ከተቀመጠው የጎመን ዘር 100 ፍሬ ቈጥሮ በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ጨርቁ ሳይደርቅ ለአንድ ሳምንት ማቈየት ነው። 80 ወይም ከዚያ በላይ ካጎነቈለ ዘሩ መልካም ነው። ግማሹ ብቻ ካጎነቈለ ዕጥፍ አድርጎ መዝራት ይገባል። ሠላሳ የማይሞላ ከሆነ ለምጣድ ማሰሻ ይሁን እንጂ ለመደብ አይድከሙበት። አንድ ግራም የጎመን ዘር ከ200 እስከ 300 ፍሬ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚበቃው ዘር ከሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ይህን ሳያስቡ እፍኝ ሙሉ በአንድ መደብ ላይ የሚበትኑ ብዙዎች ናቸው።

በብዛት መበተን የሚያስከትለው ጉዳት ከብክነት ይበልጣል። ቡቃያው ሲተፋፈግ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፤ አየርም አይዘዋወርበትም፤ ከዐፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ በስብሶ በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ይህ በሽታ በተለይ ማታ ማታ ውኃ በሚበዛበት መደብ ይበረታል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ አሳስቶ መዝራት፥ ውኃውን ጧት መስጠት፥ መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ። ጥልቀቱን በሚመለከት የታወቀው መመዘኛ ዘሩ ከውፍረቱ ሁለት ወይም ሦስት ዕጥፍ በሆነ ዐፈር ይሸፈን የሚለው ነው። የዱባ ፍሬ በጣት አንጓ ልክ ይገባል፤ የጎመን ዘር ደቃቅ ዐፈር ብቻ ይነሰነስበታል፤ ሰላጣ ግን ብርሃን ሲያገኝ ይበልጥ ስለሚያጎነቍል ከላዩ ጫን ብሎ መተው ይሻላል። ካሮት የትዕግሥት መፈተኛ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳያሳይ ሊቈይ ይችላል፤ ስንቱ ሰው ተስፋ ቈርጦ መደቡን እንደ ገለበጠው መገመት አያዳግትም።

በደጋው አገር ችግኙን በግንቦት አፍልቶ ዝናቡ ሲጸና በሰኔ ማዛወር የተመቸ ነው። በመጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የልብ ቅርጽ ያላቸው ናቸው፤ በእነርሱ ብቻ ጎመኑን ከሰናፍጩ መለየት አይቻልም። ሦስተኛው ቅጠል ሲወጣ ነው ተክሉ የማን ወገን እንደ ሆነ የሚታወቀው። ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ፥ ደመና ባለበት ቀን ወይም ወደ ማታ ላይ፥ በመካከሉ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ተሰጥቶት ይተከላል። ጠላቱ ብዙ ነው። ቈራጭ ትል ሌሊት ከሥሩ ይቈርጠዋል፤ ክሽክሽ የቅጠሉን ጀርባ ይወርሰዋል፤ የጎረቤት ዶሮ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ለትሉ በግንዱ ዙሪያ ዐመድ መነስነስ፥ ለክሽክሹ በሳሙና ውኃ ማጠብ ይረዳል። ለዶሮው ከአጥር በቀር ያገኘነው ዘዴ የለም።

የመጀመሪያው መብል የሚገኘው ከመከሩ በፊት ነው። መደቡ ሲሳሳ የሚነቀለው ለጋ ቡቃያ ለአንድ ምሳ ይበቃል፤ ልስላሴውም በገበያ የማይገኝ ነው። ከዚያ በኋላ ከታች ወደ ላይ እየቀነጠሱ፥ መካከሉን ሳይነኩ ብዙ ሳምንታት መብላት ይቻላል። ገበያ የዋለ ጎመን ቈርጠውት ያደረ ነው፤ የጓሮው ግን ድስቱ ከተጣደ በኋላ ይቀነጠሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጎመኑ ሲቀነጠስ ቈይቶ አንድ ቀን መካከሉ ይረዝማል፤ አዲሱ ቅጠል እያነሰ ይሄድና በጫፉ ቢጫ አበባ ይታያል። በዚህ ጊዜ አትክልቱ አለቀለት ተብሎ ይነቀላል ወይም ለከብት ይጣላል። ዘር ለሚፈልግ ሰው ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው፤ በዚህ ላይም ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው የጓሮውን ዕድል ሳያውቅ ይወስናል።

እንዴት ቢባል፥ ኻያ እግር ጎመን የተተከለበት ጓሮ እናስብ። ሁሉም እኩል አያብቡም። ሦስቱ ወይም አራቱ ገና ብዙ ቅጠል ሳይሰጡ ይቸኩላሉ፤ ሌሎቹ አንድ ወር ያህል ዘግይተው፥ ቅጠላቸውን ሲሰጡ ቈይተው ያብባሉ። ቤተ ሰቡ የሚበላው ከየትኛው ነው? ቅጠለ ሰፊ ከሆነውና ከዘገየው ነው። ዘር የሚለቀመውስ ከየትኛው ነው? ቀድሞ ካበበው ነው፤ እርሱ ቀድሞ ስለሚደርቅ እጅ ይገባል። ማንም ክፋት አላሰበም። ነገር ግን የቸኰለው ተክል ዘር የሚቸኵሉ ልጆች ይወልዳል፤ የዘገየውና ያማረው ግን በድስት አልቆ ዘር ሳይተካ ይቀራል። ይህ አምስት ስድስት ዓመት ሲደጋገም ጓሮው ቅጠሉ ትንሽ፥ አበባው ፈጣን በሆነ ጎመን ይሞላል። ባለቤቶቹም መሬቱ ተበላሸ፥ ዝናቡ ከፋ ይላሉ። መሬቱ ምንም አልሆነም፤ የተበላሸው ምርጫው ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለ ጓሮ ለዘር የሚሆነውን የሚመርጠው ተክሉ ሲያብብ ሳይሆን ቅጠሉ ባማረበት ወራት ነው። ሰፊ ቅጠል ያለውን፥ ትል ያልደፈረውን፥ ለማበብ ያልቸኰለውን ለይቶ ክር ያስርበታል። ክር ከታሰረበት ብዙ አይቀነጠስም፤ በስስት ከዐይን የሚጠበቀው እርሱ ነው። በዚህ ጊዜ የራት ፍላጎትና የሚመጣው ዓመት ፍላጎት ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። እናቶቻችን ይህን ክርክር በየዓመቱ በልባቸው ሲፈርዱ የኖሩ ናቸው፤ የዘር ማሻሻል ሥራ የሚባለውም በመሠረቱ ከዚህ ፍርድ የተለየ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ ያማረ ቢሆንም ከአንድ እግር ብቻ ዘር መውሰድ መልካም አይደለም። አንዱ ሊከላከለው ያልቻለውን በሽታ ሌላው ይችለው ይሆናልና፥ ቦታ ከተገኘ ከዐሥር እግር የማያንስ ማስቀረት ይገባል።

በሰኔ የተተከለው ጎመን ዘሩ የሚደርሰው ዝናቡ አልፎ ፀሐይ በሚበዛበት ወራት ስለ ሆነ አየሩ ራሱ ያግዛል። ቀጫጭኖቹ የዘር ከረጢቶች ብዙዎቹ ቢጫ ሲሆኑ፥ ሁሉም እስኪደርቁ ሳይጠበቅ አገዳው ይታጨዳል። የሚታጨደውም በማለዳ፥ ጤዛው ሳይረግፍ ነው፤ በቀትር ከተነካ ከረጢቱ እየተፈነዳ ዘሩን ይበትናል። ከዚያ በኋላ በነጠላ ወይም በጆንያ ላይ አሰጥቶ፥ መትቶ፥ በሰፌድ ማበጠር ነው።

ሌሎቹ አትክልቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቲማቲም ባብዛኛው ከገዛ አበባው ስለሚዳቀል ዘሩን ለመጠበቅ አያስቸግርም። ፍሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ ዘሩ ከነጭማቂው በብርጭቆ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ እንዳይበቅል የሚከለክለው ልባስ በዚህ ጊዜ ቈምጥጦ ይለቀዋል። ሽታው ደስ አይልም፤ ከመኝታ ክፍል ማራቅ ነው። ዱባ ደግሞ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነው፤ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ የተሸከመችው ሴቷ ናት። ንብ ከሰፈሩ ዱባ ሁሉ ስለምታዳቅለው የአጥሩን ዱባ ዘር ንጹሕ አድርጎ ማቈየት የሚፈልግ ሰው ማታ ሊፈነዱ የተቃረቡትን ሁለቱን አበቦች በክር አስሮ፥ ጧት ፈትቶ ወንዴውን በሴቴው ላይ ነክቶ፥ ሴቴዋን መልሶ ማሰር አለበት።

ስለ ቃሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሚጥሚጣ ከቃሪያ አጠገብ ቢተከል ቃሪያው በዚያው ዓመት ያቃጥላል ይባላል። ይህ አይሆንም። የፍሬው ሥጋ የእናቲቱ አካል ነው፤ አባቱ ማንም ቢሆን አይለወጥም። የተለወጠው በውስጡ ያለው ዘር ነው። ያ ዘር በሚመጣው ዓመት ሲዘራ ግን ነፍሳት ያዳቀሉት ከሆነ የሚያቃጥል ቃሪያ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አራርቆ መትከል ለዘንድሮው ወጥ ሳይሆን ለከርሞው ዘር ነው።

በሱቅ በታሸገ ዘር የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። መልካም ፍሬ ከሰጠው ከተገዛው ቲማቲም ዘር ብናስቀር ለምን ያንኑ አይመልስም? ዘሩ ዲቃላ፥ ማለት ከሁለት የተለዩ ወላጆች በመጀመሪያው ትውልድ የተገኘ ከሆነ፥ ልጆቹ እንደ አያቶቻቸው ይለያያሉ። ይህን ሕግ ያገኘው በብሩን ከተማ ገዳም አተር ሲዘራ የኖረው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል ነው። ጥናቱን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1865 አሰምቶ በ1866 አሳትሟል። ለስላሳ ፍሬ ያለውን አተር ከጨምዳዳው ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ለስላሳ ሆነ፤ በሁለተኛው ግን 5,474 ለስላሳና 1,850 ጨምዳዳ ቈጠረ፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ዲቃላ ዘር ክፉ ነው አንልም፤ ለነጋዴ አትክልተኛ ብዙ ምርት ይሰጣል። በየዓመቱ መገዛት ያለበት መሆኑን ግን ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ሜንዴል ያን ሁሉ ያገኘው በገዳም የአትክልት ቦታ መሆኑንም ጓሮን ለሚንቁ ጓደኞቻችን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።

ዘር ማስቀመጥን በሚመለከት ሃሪንግተን የተባለው የዘር ተመራማሪ ያወጣው መመሪያ በሰፊው ይታወቃል። የዘሩ እርጥበት በመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቍጥር፥ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ባለ ቍጥር፥ የዘሩ ዕድሜ በግምት ዕጥፍ ይሆናል የሚል ነው። ይህን ካነበብን በኋላ በገጠር ቤት ከምድጃ በላይ የተሰቀለውን የዘር ቅል ስናይ ነገሩ ይገባናል። ጢሱና የእሳቱ ወላፈን እርጥበትን ያባርራል፤ ከዘሩ ጋር የሚደባለቀው ዐመድ ነቀዝን ይከለክላል። ምድጃ በሌለበት የከተማ ቤት ደግሞ በጥላ በደንብ የደረቀ ዘር፥ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ፥ ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ ቢቀመጥ የጎመኑና የቲማቲሙ ብዙ ዓመት ይቈያል። የሽንኵርት ዘር ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ባይታመን ይሻላል።

የአገራችን ዘር ዋጋ በውጭ ሊቃውንት ዘንድ ቀድሞ የታወቀ ነው። የሩስያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1927 በአገራችን ተዘዋውሮ ዘር ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያንም የሰብል መገኛ ከሆኑት የዓለም ክፍሎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ማእከል ተቋቋመ፤ ይህም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማእከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት፥ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ሊጠበቅ ይገባል ብለው በመሥራታቸው ነው። ማቀዝቀዣ ዘሩን ያቈያል እንጂ መምረጥን አያውቅም፤ የትኛው ጎመን እንደ ዘገየ የምታውቀው ስትቀነጥሰው የከረመችው እጅ ናት።

ይህች እጅ ግን ሥራ እየፈታች ነው። ብዙ የከተማ ቤተ ሰብ ጓሮ በሌለበት ፎቅ ይኖራል፤ ጓሮ ያለውም ችግኝ ይገዛል። ዘር ይዘው የኖሩት እናቶችና አያቶች የሚጠይቃቸው ካጡ፥ ዘሩ ከነዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደየቤታቸው የሚሄዱ ጓደኞቻችን አንድ ፖስታና እርሳስ ይዘው እንዲሄዱ እንለምናለን። ከጎመን፥ ከዱባ፥ ከበሶብላ፥ ከቃሪያ የተገኘውን አንድ ማንኪያ ዘር መቀበል ነው። በፖስታው ላይም የአትክልቱን የአገር ስም፥ ቀበሌውን፥ የታጨደበትን ወርና ዓመት፥ ዘሩ ወደዚያ ቤት ከማን እንደ መጣ፥ በተለይም ለዘር የሚተወው ተክል በምን ምልክት እንደሚመረጥ መጻፍ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል አያልቅምና ቡና እስኪፈላ መቀመጥ ያስፈልጋል። የሚመጡትን ዘሮች በግንቦት ወር እያንዳንዳቸውን 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ እንመረምራለን፤ የጎመኑን ዓይነቶችም በየመደባቸው ጎን ለጎን ዘርተን የትኛው ቀድሞ እንደሚያብብ ቀኑን እንመዘግባለን።